ምሳ ቋጥሮ መሄድ በእርግጥ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጀሞ ከእህቴ ጋር ተከራይተን ነው የምንኖረው። ደሞዜ ተቆራርጦ 19,000 ብር አካባቢ እጄ ይገባል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳ የምበላው ውጭ ነው፤ 230 ብር አካባቢ ይመጣል። ጠዋት አንድ ማኪያቶ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ፣ እያንዳንዱ 65 ብር። ውሃ 25። ወሩ ሳይጋመስ ብሩ ያልቃል። አንድ ሰሞን ምሳ ቋጥሬ መሄድ ጀምሬ ነበር። መጀመሪያ ወጡ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሰሰ። ቀጥሎ ሩዝ ይዤ ሄጄ ሆዴን አመመኝ። ጓደኞቼም ‹ምነው ተለየሽን› ማለት ሲጀምሩ ተውኩት። ቤት ፍሪጅ አለን። ቢሮ ማይክሮዌቭ አለ፣ ፍሪጅ ግን የለም። በእርግጥ ያዋጣል? ምንስ ይዤ ብሄድ ይሻላል? በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ምሳ ዕቃ 2,800 ብር ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ልግዛው ወይ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። አዎ፣ ያዋጣል። ግን በየቀኑ ሁሉን ነገር ተሸክመሽ ስለሄድሽ አይደለም የሚያዋጣው። ሥራዬ ለምግብ ቤቶችና ለሠራተኛ ክበቦች የምግብ ወጪ ማስላት ነው። አንድ ሳህን ሽሮ ምን ወጥቶበት በስንት እንደሚሸጥ ሳሰላ ነው የምውለው። ስለዚህ መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ። አንቺም የሒሳብ ሰው ነሽ፣ አይሰለችሽም።

በነገርሽኝ ዋጋ በቀን የምታወጪው 385 ብር ነው። ወሩን 22 የሥራ ቀን ብንለው 8,470 ብር ይሆናል። እጅሽ ከሚገባው ወደ ግማሽ የተጠጋ ማለት ነው። ወሩ ሳይጋመስ ማለቁ አይገርምም።

አሁን ያቺን የ230 ብር ሳህን እንበትናት። ቤቱ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ 30 ብሩ ቫት ነው። ለቤቱ የሚቀረው 200 ነው። በእኛ ሙያ የግብዓት ወጪ ከዚህ ሲሶ አካባቢ እንዲሆን ተደርጎ ነው ዋጋ የሚወጣው። ጤፉ፣ ምስሩ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው ሁሉ ተደምሮ 65 ወይም 70 ብር ነው። ቀሪው የቤት ኪራይ ነው፣ የወጥ ሠሪዋ ደሞዝ ነው፣ መብራትና ውሃ ነው፣ የተሰበረ ብርጭቆ ነው፣ ትርፍ ነው። ባለቤቱ አልዘረፈሽም። ሜክሲኮ መሀል ላይ ለአንድ ሰዓት ወንበር አከራይቶሻል፣ ሳህንሽንም አጥቦልሻል።

አንቺ ቤትሽ ብትሠሪው ደግሞ በ65 አይወጣልሽም። እሱ በኩንታል ይገዛል፣ አንቺ በኪሎ ትገዢያለሽ። እንጀራ ገዝታችሁ የምትበሉ ከሆነ ሁለቱን 40 ብር እንበል። ወጡን 45። ምሳሽ 85 ብር ወጣበት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በሠፈርሽ ዋጋ ቀይሪያቸው፤ የሒሳቡ መንገድ ግን ያው ነው። ከ230 ላይ 85 ሲነሳ 145 ብር ይቀራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን የምሳ ዕቃ ትልቁ ጥቅም ከምሳው ይልቅ ምሳውን ተከትሎ በሚመጣው ላይ ነው ባይ ነኝ። ምግብ ቤት ከተቀመጥሽ ውሃ ታዢያለሽ። ከበላሽ በኋላ ማኪያቶ ይመጣል። አንዷ «ዛሬ በኔ» ትላለች፣ ነገ ተራው ያንቺ ነው። ጉርሻውን፣ ለአስተናጋጁ የሚተወውን ማለቴ ነው፣ ጨምሪበት። እነዚህን ማንም በጀት ውስጥ አይጽፋቸውም። ቢሮ ከበላሽ ግን ሁሉም አብረው ይቀራሉ። ውሃውን ከቤት ብታመጪ 25 ብር፣ ከሰዓት የምትጠጪውን በፔርሙዝ ብታመጪ ወደ 55 ብር ይተርፍሻል። የጠዋቱን ማኪያቶ አልነካብሽም። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን የተወ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይመልሳል።

ድምሩ በቀን 225 ብር መጣ። በሳምንት አራት ቀን ብቻ፣ በወር 18 ቀን ብለን እንያዘው። 4,050 ብር ነው።

ይሄን ቁጥር ከደሞዝ ጭማሪ ጋር አስተያዪው። ደሞዝ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። ጡረታ 7 በመቶ አለ። 1,000 ብር ሲጨመርልሽ እጅሽ የሚገባው 580 ነው። 4,050 ብር እጅሽ እንዲገባ አለቃሽ ወደ 7,000 ብር ሊጨምርልሽ ይገባል። የ7,000 ብር ጭማሪ ጠይቀሽ ምን እንደሚሉሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ከምሳ ዕቃ የሚተርፈው ብር ግን ግብሩ ቀድሞ የተከፈለበት ነው።

ለምን አምስት ቀን አላልኩም? ዓርብን ሆን ብዬ ነው የተውኩልሽ። የዓርብ ምግብ የጾም በያይነቱ ነው። በያይነቱ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ሲሠራ አያዋጣም። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ፎሶልያ፣ ቀይ ሥር ለማቅረብ ስድስት ድስት መጣድ አለብሽ። ምግብ ቤት ግን ያንን ስድስት ድስት ለመቶ ሰው ነው የሚጥደው። ስለዚህ ውጭ የምትበዪ ከሆነ ቤትሽ በቀላሉ የማይሠራውን ብዪ። ሽሮ ውጭ መብላት ነው ኪሳራው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ምሳ ዕቃ፣ ዓርብ ከጓደኞችሽ ጋር በያይነቱ። «ተለየሽን» የሚለው ቅሬታም በዚሁ ይቃለላል።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪ። ድርጅታችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ክበብ ካለ ዋጋውን ጠይቂ። ክበብ ብዙ ጊዜ ኪራይ አይከፍልም፤ አንዳንዱ በመሥሪያ ቤቱ ይደጎማል። ሽሮው መቶ ብር ገደማ ከሆነ ምሳ ቋጥሮ መሄዱ ለ15 ብር መልፋት ነው። እንደዚያ ከሆነ ምሳሽን እዚያው ብዪ፤ የምትይዢው ውሃና ቡናሽን ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ።

ምሳ ዕቃ ጀምረው የሚተዉ ሰዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ምሳውን ለብቻው ይሠሩታል። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቶ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ሁለት ሳምንት አይቆይም። ምሳሽ ከእራት ድስት ላይ ነው መውጣት ያለበት። ማታ ለእህትሽና ላንቺ ስትሠሪ ሁለት ጭልፋ ጨምሪ። ታዲያ ለምሳ የሚሆነውን እራት ከመቅረቡ በፊት አንሺ፤ የተረፈውን አትቋጥሪ። እኛ የምንበላው በእጅ ነው፤ ከአንድ ትሪ ነው። በእጅ የተነካካ ወጥ ለነገ ምሳ አይሆንም። ቶሎ ይበላሻል። ደግሞም የተረፈ እየጠበቅሽ ከሆነ ሁልጊዜ ላይተርፍ ይችላል።

ድካሙን በግማሽ የሚቀንሰው ቁሌት ነው። እሁድ ከሰዓት አንድ ድስት ሙሉ ቁሌት ሥሪ። ሽንኩርቱን አድቅቀሽ ክተፊ። መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላዪው፣ የራሱ ውሃ እስኪመጥ። ከዚያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ። ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ እንዳያርርብሽ እያማሰልሽ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨምሪ። ውሃው አልቆ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ አውርጂው። ቅቤ አትጨምሪበት። በዘይት ከሆነ ረቡዕም ዓርብም ይሆናል፣ ፍሪጅ ውስጥም ችግር አያመጣም። ሲበርድ ሦስት ቦታ ክፈዪው። አንዱን ለሰኞና ለማክሰኞ ምስር ወጥ፣ አንዱን ለረቡዕና ለሐሙስ ሽሮ። ሦስተኛውን ከላይ በረዶ ቤቱ ውስጥ ክተቺው፤ ለማታ ደክሞሽ ስትገቢ። ቁሌት ካለ ሽሮ አሥር ደቂቃ ነው። ሽንኩርት ለመክተፍ የምታለቅሺውም በሳምንት አንዴ ብቻ ይሆናል።

ወጡ ቦርሳ ውስጥ የፈሰሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ወጡ ቀጭን ነበር። ለምሳ ዕቃ የሚሆን ወጥ ወፈር ይላል። ከድስቱ ውስጥ ያንቺን ድርሻ ለይተሽ ትንሽ አምጥጪው። ሁለተኛ ዕቃው ነው። ክዳኑ ከላይ ተጭኖ «ቀጭ» የሚለው ላስቲክ ዕቃ ታክሲ ውስጥ ሲጋደም ይከፈታል። ታክሲ ውስጥ ቦርሳ ደግሞ መጋደሙ አይቀርም። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ ፈልጊ። የለውዝ ቅቤ ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል። ብር አታውጪበት። እስከ አፉ አትሙዪው። ክዳኑን ከመዝጋትሽ በፊት የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፤ ዘይት ካለበት ክዳኑ አይነክስም። በፌስታል ጠቅልለሽ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ሰነድ ያለበት ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው፤ ምሳ የራሱ ቦርሳ ይኑረው።

እንጀራው ለብቻው ይሁን። ወጥ ላዩ ላይ ፈስሶ የዋለ እንጀራ ስድስት ሰዓት ላይ ሊጥ ነው። ትኩስ እንጀራም አትቋጥሪ። በላቡ ይረጥባል፣ ይጣበቃል። ቀዝቀዝ ሲል አራት እጥፍ አድርገሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው። እንጀራ ከቡኮው ኮምጣጣ ስለሆነ በቀላሉ አይበላሽም፤ ምሳ ዕቃሽ ውስጥ ካለው ሁሉ የማያሳስብሽ እሱ ነው።

የሚያሳስበው ወጡና ሌላው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሆድሽን አሞሽ ነበርና።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልጽ ነው። የተሠራ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሀል ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ባክቴሪያ የሚራባው እዚያ መሀል ነው። አንቺ ጠዋት አንድ ሰዓት ከቤት ትወጫለሽ እንበል፣ ምሳ ስድስት ተኩል ነው። አምስት ሰዓት ተኩል፣ ያለ ፍሪጅ። ጠዋት ወጡን ለብ አድርገሽ ከዘጋሽው ደግሞ የባሰ ነው፤ ለባክቴሪያው የሚመቸውን ሙቀት አዘጋጅተሽለት ሄድሽ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ በጣም ትኩስ ወይ በጣም ቀዝቃዛ። መካከለኛ የለም።

ቀዝቃዛው ይቀላል። ማታ የለየሽውን ወጥ ሰፋ ባለ ዕቃ ላይ ዘርግተሽ ቶሎ አብርጂው፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ ይግባ። ድስቱን ምድጃው ላይ እንደተከደነ አሳድሮ ጠዋት መቋጠር ብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ተዪው። ጠዋት ከፍሪጅ ወደ ቦርሳ። አጠገቡ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አስቀምጪ። ማታ ጠርሙሱን ሦስት አራተኛ ብቻ ሞልተሽ ከላይ በረዶ ቤቱ ክተቺው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ነው ቦታ መተው ያለብሽ። ሁለቱን በአንድ ወፍራም ፎጣ ጠቅልዪ። ጠርሙሱ ወጡን እያቀዘቀዘ ይውላል፣ አንቺ ደግሞ ከሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጫለሽ። የ25 ብሩ ውሃ በዚሁ ቀረ። ምሳ ሰዓት ላይ ወጡን እንፋሎት እስኪያወጣ አሙቂው፣ መሀል ላይ አንዴ አማስዪው። ማይክሮዌቭ ዳር ዳሩን አፍልቶ መሀሉን ቀዝቃዛ ይተዋል። የወጡን ጠርሙስ ከነክዳኑ እንዳታሞቂ። ከፍሪጅ እንደወጣ ቀዝቃዛ መስታወትም ድንገት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ቢሮ አንድ ሳህን አስቀምጪና እዚያ ላይ ገልብጠሽ አሙቂ።

ሩዙን በተመለከተ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ ጥሬው ሩዝ ላይ ይኖራል፤ ሲቀቀልም አይሞትም። የተቀቀለው ሩዝ ውጭ ሲያድር ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ «ማይክሮዌቭ አድርጌዋለሁ» አያድንም። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ፓስታም ከዚሁ ወገን ነው። ቢሮ ፍሪጅ እስኪገዛ ድረስ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የሥጋ ወጥ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ምሳ ዕቃሽ ውስጥ አይግቡ። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን ከበረዶው ጠርሙስ ጋር ይበቁሻል። መሞቅ የማያስፈልገው ካሻሽ አዚፋ አለልሽ፤ ሎሚውና ሰናፍጩ ቀዝቃዛውን ምስር ያጣፍጡታል። መብራት የጠፋ ቀን ማይክሮዌቭ ፊት ቆመሽ ጣራ ጣራ አታዪም። አዚፋውም ቢሆን ከበረዶው ጠርሙስ አይለይ።

መክሰሱን በሁለት ቃል። አሥር ሰዓት ላይ የሚመጣው ረሃብ ነው ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የሚያስገዛው። መሳቢያሽ ውስጥ ቆሎ ይኑር። በሶ ደግሞ ለምን እንደተረሳ አይገባኝም። ደረቅ ዱቄት ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛሽ ላይ ቢቀመጥ አይበላሽም። በኩባያ ውሃና ትንሽ ስኳር በጥብጠሽ ትጠጪዋለሽ፣ እስከ እራት ያደርስሻል። አያቶቻችን ለረጅም መንገድ የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ቡናው። የጀበና ቡና በፔርሙዝ ሊያዝ ይችላል፣ ግን አተላው እንዳይገባ። ጀበናው በደንብ ይስከን፣ ቀስ ብለሽ ቅጂው። አተላ የገባበት ቡና ረፋዱ ላይ ይመራል። ፔርሙዙን አስቀድመሽ በፈላ ውሃ አሙቂው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጅምሩ ስምንት ዲግሪ ቀንሶብሻል፤ በቀዝቃዛ ፔርሙዝ ሌላ አትጣዪ። ወተት ግን ፔርሙዝ ውስጥ አይግባ። ለብ እያለ የሚውል ወተት ከሩዙ አይተናነስም። ወተት ከፈለግሽ የዱቄት ወተት ቢሮ አስቀምጪ። ከሰዓት በኋላ ለሚጠጣው፣ እኔን ብትጠይቂኝ፣ ሻይ ከቡና ይሻላል። ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት ሻይ ስምንት ሰዓት ላይም ጣዕሙ አይሞትም። አንድ ነገር ብቻ፤ ባዶ ሃይላንድ ለወራት እየሞላሽ አትጠጪ። ይጫጫራል፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ በደንብ አይታጠብም። ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ አንዴ ግዢ።

ቢሯችሁ ውስጥ ቡና የሚወዱ አራት አምስት ሰዎች ካሉ ደግሞ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጥታችሁ ቡናና ስኳር ግዙ፤ የምታፈላላችሁ ሴት ካለች ለድካሟ ክፈሏት። ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው የሚያደርገው። ከፔርሙዝም ይሻላል፤ ትኩስ ነው፣ ጨዋታም አለው።

ጨዋታን ካነሳሁ አይቀር፣ ወደ ጓደኞችሽ ልምጣ። ለእኔ ከወጡ መፍሰስ ይልቅ ከባዱ ጥያቄሽ እሱ ነው። በእኛ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ጥሩ ስም የለውም። ምሳ ዕቃሽን ከፍተሽ «እንብላ» ሳትዪ መጉረስ አትችዪም። «እንብላ» ካልሽ ደግሞ ሦስት እጅ ይገባና ላንቺ ግማሽ እንጀራ ይቀራል። ከዚያ ተርቦ ውጭ ወጥቶ መግዛት ይመጣል። ምሳ ይዘሽ ሄደሽ ምሳ ገዛሽ ማለት ነው።

መፍትሔው መደበቅ አይደለም። ሌሎቹን አስገቢ። አንቺ እንደምትዪው ወሩ ሳይጋመስ ብር የሚያልቅበት ሰው ቢሮሽ ውስጥ አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽ እወራረዳለሁ። አፍ አውጥቶ የሚናገር ጠፍቶ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ለይተሽ «ከሰኞ ጀምሮ ይዘን ብንመጣስ?» በዪ። ሁሉም የራሱን እንጀራ ይያዝ፤ ወጥ ደግሞ እያንዳንዱ አንድ ዓይነት። አራት ሰው ከሆናችሁ አራት ዓይነት ወጥ ቀረበ። ስድስት ድስት ሳትጥጂ ከበያይነቱ ተጠጋሽ።

አንድ ደንብ ብቻ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፤ የጋራው ማዕድ የጾም ምግብ ይሁን። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚበሉበት ቢሮ የሥጋ ነገር ይለያያል፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። የሚጾምና የማይጾም ሲኖርም እንደዚያው ነው። ምስርና ሽሮ ግን ሁሉንም ያገናኛል። ከላይ እንዳልኩሽ ፍሪጅ በሌለበት ከበረዶው ጠርሙስ ጋር የሚሆነው ምግብም እሱው ነው፣ ርካሹም እሱው ነው። ማይክሮዌቩም በዚሁ ከጭቅጭቅ ይድናል፤ ሁዳዴ ውስጥ የዶሮ ወጥ የተረጨበት ማይክሮዌቭ ስንት ሰው እንዳኳረፈ አይቻለሁ። ለሽታው መስኮት ክፈቱ። በርበሬ ሲሞቅ ፎቁን ያዳርሳል፤ ደንበኛ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ሌላ ጥግ ፈልጉ።

አሁን ብሩ የት ይገባል? ሰዎች ምሳ እየያዙ ሦስት ወር ቆይተው «ምንም አላጠራቀምኩም» የሚሉት እዚህ ላይ ስለሚዘነጉ ነው። ያልወጣ 225 ብር ሒሳብሽ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቅዳሜ ላይ ጫማ ይሆናል። ለራሱ ስም ካልተሰጠው ሌላ ነገር ስሙን ይወስደዋል። አራት ቀን በ225 በሳምንት 900 ብር ነው። ቢሮሽ ውስጥ ወደ 900 ብር የሚጣልበት ሳምንታዊ እቁብ ካለ ግቢ። እቁብ ጥሩነቱ ወለዱ አይደለም፤ ወለድ የለውም። ዳኛውና ሰብሳቢው ስለሚጠይቁሽ ነው። ሰኞ ጠዋት የእቁብ ብር ከጣልሽ ማክሰኞ ምሳ ዕቃውን ቤት ጥለሽ መውጣት ይከብድሻል። እቁብ የማይመችሽ ከሆነ ደሞዝ በገባ ቀን 4,000 ብሩን በቀላሉ ወደማትደርሺበት የቁጠባ ሒሳብ አዛውሪ። ወሩ መጨረሻ ላይ የተረፈውን አስቀምጣለሁ ብትዪ የሚተርፍ የለም።

ሁዳዴን ካነሳሁ አይቀር፣ ጾሙ ሲገባ ሒሳቡ ይለወጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ምሳው ራሱ የለም። ያኔ የምትይዢው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምትቀምሺውን ነው፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ። በጾሙ የሥራ ቀናት ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተርቦ ካፌ መግባት ከምሳው የበለጠ ያስወጣል፤ የተራበ ሰው ዋጋ አይጠይቅምና።

የኤሌክትሪክ ምሳ ዕቃውን ለጊዜው አትግዢ። ቢሮሽ ማይክሮዌቭ አለ። ዕቃው የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፣ ያኔ ደግሞ ማይክሮዌቩም ይሠራል። አብዛኞቹ ቀስ ብለው ነው የሚያሞቁት፤ ሰው ረፋዱ ላይ ሰክቶ ለብ እያለ ያቆየዋል። ይሄ ከላይ ያስጠነቀቅኩሽ መካከለኛ ሙቀት ነው። በ2,800 ብሩ ፈንታ ሰፊ አፍ ያለው የውሃ ጠርሙስና ሙቀት በደንብ የሚይዝ ፔርሙዝ ግዢ፣ ቀሪውን ለእሁዱ ሽንኩርትና በርበሬ አድርጊው። የመስታወት ጠርሙሱ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ወደፊት ማይክሮዌቭ የሌለው ቢሮ ከተዛወርሽና በዚያን ጊዜም ምሳ መያዙን ካልተውሽ ያኔ እንደገና ጠይቂኝ፤ የትኛው ዓይነት ቶሎ እንደሚያፈላና ለማጠብ እንደሚመች እነግርሻለሁ።